ከዜሮ የሚጀምር ጌም

አንዲት ትንሽ ነገር የፈለገች፣ ለትንሿ ነገር ሰፈሩን ሁሉ የዞረች ልጅ ነበረች። ስሟ ሲትራ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ትኖራለች። ድምጿ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትጠይቅ ባለሱቁ «ምን አልሽ?» ሳይላት ቀርቶ አያውቅም።

የፈለገችው ጌም ነው፤ ለራሷ ብቻ ግን አይደለም። የአጎቷ ልጅ ሐያት ከባቲ ለእረፍት መጥታ፣ በመጣች ሰሞን ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። እረፍቱን በሙሉ ጄሶዋን ዘርግታ ጣሪያ ስታይ ከረመች። አሁን ጄሶው ተፈቷል፤ ቅዳሜ ደግሞ አባቷ መጥተው ሊወስዷት ነው። ከመሄዷ በፊት «ድልድይ» የሚባለውን ጌም ከሲትራ ጋር መጫወት አማራት። ጌሙን ሁለት ሰው ባንድ ስልክ ይጫወተዋል። አንዷ እንጨቱን በጣቷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ምስማሩን ትመታለች፤ አንዷ ከለቀቀች ድልድዩ ወንዝ ይገባል። እግር የማይጠይቅ ጨዋታ ስለሆነ ነው ሐያት የመረጠችው።

ጌሙ የሚገኘው «ቋት» ላይ ነው። ቋት የከተማው ልጆች የሠሩት፣ ሰው ጌም ወደ ስልኩ የሚያወርድበት አገልግሎት ነው። ሲትራ «አውርድ» የሚለውን ነካች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። ሁለቱም ሲመለሱ ጌሙ ከዜሮ ጀመረ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ተቋረጠ፣ እንደገና ከዜሮ።

ሐያት ትራሷን አስተካክላ አየቻት። «ሄደሽ ንገሪያቸዋ። ወይስ እኔ ባንድ እግሬ እያነከስኩ ልሂድ? አንቺ እኮ ቧንቧ ላይ ወረፋሽን ሲወስዱብሽ ይቅርታ የምትዪ ልጅ ነሽ።»

ሐያት እውነቷን ነበር፤ ሲትራ ተነስታ ሄደች።

ቋትን የሚመራው አንዋር ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ሲትራ ቀና ብሎ እስኪያያት በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ጌሙ አልወርድ እንዳላት፣ ሲቋረጥ ካቆመበት ቢቀጥል ጥሩ እንደሆነ ነገረችው። አንዋር ክፉ ሰው አይደለም። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረና የደንበኞችን አስተያየት አሳያት። «በርቱ» ይላል አንዱ። «ማሻ አላህ፣ አምስት ኮከብ» ይላል ሌላው። «አላህ ይጨምርላችሁ» ይላል የሚቀጥለው። ወደ ታች ቢወርድ፣ ቢወርድ፣ ቅሬታ የሚባል የለም። እሱና ጓደኞቹ ሰው የጠየቀውን እንደሚያስተካክሉ፣ ይህን ግን እስከዛሬ ማንም እንዳልጠየቀ አስረዳት። ከዚያ ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ። «በጣም ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ» ይላል። የጻፈችው ሲትራ ናት።

ፊቷ ጋለ። የጻፈችው ጌሙ ለሁለተኛ ጊዜ ከዜሮ ሲጀምር ነበር። ስልኩ አስተያየትዎን ይስጡን ሲላት፣ ለጠየቀ ሰው ክፉ መመለስ ነውር መስሏት ነው።

«እኔ ታዲያ የቷን ሲትራ ልመን?» አለ አንዋር እየሳቀ። «ሌላ ሰው ይጻፍና እናስተካክለዋለን።»

ጌሙ አልወርድም አለ፤ አንዋር ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሲትራ ወደ ሐቢብ ሄደች። ሐቢብ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ወረፋ ለሚጠብቁ ልጆች እያለ የኳስ ጌም ከቋት ያወርዳል፤ በልጆቹ ስም የሚጫወተው ግን እሱ ነው። ሐቢብ ሆይ፣ ጌሙ አልወርድም አለ፣ አንዋርም ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፣ እባክህ አንተ ጻፍ አለችው።

ሐቢብ መቀሱን አቆመ። የሱም ጌም ከዜሮ እየጀመረ እንዳበገነው አልደበቀም። ነገር ግን አንዋር ጸጉሩን የሚቆረጠው እዚሁ ወንበር ላይ ነው፤ በመጣ ቁጥር «ቋትህ እኮ አንደኛ ነው» እያለ ሲያሞግሰው ኖሯል። ዛሬ ምን ብሎ ይገለብጠዋል? ደግሞስ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ ይናገራል? እትዬ ጦይባ ቀድመው ከጻፉ እሱ ይከተላል።

ጌሙ አልወርድም አለ፤ አንዋር ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፤ ሐቢብ ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሲትራ ወደ እትዬ ጦይባ ሄደች። እትዬ ጦይባ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልካቸውን ከስፌት መኪናው ጎን አስደግፈው፣ አንድ እጅጌ በጨረሱ ቁጥር ባለቀለም ኳሶች የሚያፈነዱበት ጌም አላቸው። እትዬ ጦይባ፣ ጌሙ አልወርድም አለ፣ አንዋርም ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፣ ሐቢብም ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፣ እባክዎ እርስዎ ይጻፉ አለቻቸው።

እትዬ ጦይባ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። አዲሱ የኳስ ጌም ሊሞላ ሲል እየጠፋ እንዳስመረራቸው፣ አንዴም ስልኩን በሜትር ሊመቱት እንደቃጡ አወሩላት። መጻፉ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከናቱ ጋር እኮ አንድ ቅሬ ነን፣ ልጄ። እሁድ እድራችን ሲሰበሰብ አጠገቤ ትቀመጣለች። ልጇን በአደባባይ ሰድቤ እሁድ በምን ዓይኔ ልያት?»

ከሳቸው የሚበልጥ ሰው፣ ለምሳሌ ጋሽ ይማም ቢጽፉ፣ እሳቸውም ተጠግተው ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የጋሽ ይማም ይሆናል።

ጌሙ አልወርድም አለ፤ አንዋር ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፤ ሐቢብ ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፤ እትዬ ጦይባ ቅሬዬን አላስቀይምም አሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሲትራ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ጋሽ ይማም ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ይነዳሉ። ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ውለው ተራቸውን ሲጠብቁ ደግሞ ስልካቸው ላይ መኪና ይነዳሉ። ጋሽ ይማም፣ ጌሙ አልወርድም አለ፣ አንዋርም ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፣ ሐቢብም ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፣ እትዬ ጦይባም ቅሬዬን አላስቀይምም አሉ፣ እባክዎ እርስዎ ይጻፉ አለቻቸው። ይኼን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ስትል ድምጿ ከወትሮው ትንሽ ጨምሮ ነበር፤ ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አያት።

ጋሽ ይማም ጺማቸውን አሻሹ። አንዋር ደንበኛቸው ነው፤ ደሴ በሄደ ቁጥር ጋቢና ይቀመጥና ስለ ቋት ያወራላቸዋል፤ እሳቸውም መንገዱን ሙሉ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ሲሉ ነው የሚደርሱት። ሐረጎ ዳገት ላይ ልክ ነህ ያሉትን ሰው መናኸሪያ ሲደርሱ ልክ አይደለህም ማለት ከበዳቸው። ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አባባ ሙሄ እያሉ እሳቸው በወቀሳ አፍ ቢከፍቱ ምን ይባላል? አባባ ሙሄ አንድ ቃል ይበሉ እንጂ እሳቸው ሁለተኛ ናቸው።

ጌሙ አልወርድም አለ፤ አንዋር ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፤ ሐቢብ ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፤ እትዬ ጦይባ ቅሬዬን አላስቀይምም አሉ፤ ጋሽ ይማም ደንበኛዬን አላሳፍርም አሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ነገ ሊባል ምንም አልቀረው።

አባባ ሙሄ የሰፈሩ ታላቅ ናቸው። ልጅ ሲታመም፣ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ ሱቅ ሲከፈት ሰው ሁሉ ዱዓ እንዲያደርጉለት እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሲትራ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ የጠጠር ገበጣ ብቻቸውን ይጫወታሉ። አጠገባቸው ስልክ አለ። ስልኩ ገበጣ እያወረደላቸው ነው፤ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ሊደርስ ሲል ከዜሮ ስለሚጀምር እስኪመጣ ድረስ በጠጠሩ ይቆያሉ።

ሲትራ እጃቸውን ስማ ተቀመጠችና አንድ ባንድ ነገረቻቸው። አባባ ሙሄ፣ ጌሙ አልወርድም አለ፣ አንዋርም ካልተጻፈ አላስተካክልም አለ፣ ሐቢብም ታላቅ ካልቀደመ አልጽፍም አለ፣ እትዬ ጦይባም ቅሬዬን አላስቀይምም አሉ፣ ጋሽ ይማምም ደንበኛዬን አላሳፍርም አሉ፣ ሐያት ደግሞ ልትሄድብኝ ነው።

አባባ ሙሄ ጠጠራቸውን እፍኛቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ከሳቸው በላይ ወደሱ የሚልኳት ታላቅ የለም።

«ልጄ፣ እኔ ሰው መውቀስ ትቻለሁ» አሏት። «ከዚህ እድሜ በኋላ የኔ ወቀሳ ወቀሳ አይባልም። ሙሄ ረገመው ይባላል። ልጁ ደግሞ ሥራ ላይ ነው፤ እርግማን ደረሰብኝ ብሎ እንቅልፍ ያጣል።»

ሲትራ መሬት መሬት አየች። ሐያት ሻንጣዋን ስታስር ታያት። ጌሙ አልወርድም፣ አንዋር አላስተካክልም፣ ሐቢብ አልጽፍም፣ እትዬ ጦይባ አላስቀይምም፣ ጋሽ ይማም አላሳፍርም፣ አባባ ሙሄ አልወቅስም። ሁሉም ተበሳጭቷል፤ ሁሉም አንዋርን ይወደዋል። እሷም እንደነሱ ናት። አንገቷን ሳታቀና፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናገረች።

«እንግዲያው አይውቀሱት፣ አባባ። ይመርቁት።»

«ምን አልሽ?»

«የጎደለውን በምርቃት ይንገሩት» አለች፤ አሁን ድምጿ ተሰማ።

የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ጠጠሩን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሲትራ ስልኳን አወጣች፤ እሳቸው መረቁ፣ እሷ ጻፈች።

«አንዋር ልጄ፣ የጀመርከው ዳር ይድረስልህ። መንገድህ አይቋረጥ፤ ቢቋረጥም ከተቋረጠበት ይቀጠልልህ። የለፋህበት ዜሮ አይሁንብህ። ለኛም ጌማችን መብራት ሲሄድ እንዲሁ፣ ካቆመበት የሚቀጥል አድርግልን። ሙሄ ነኝ።»

ይኼ ተላከ። ከዚያ በኋላ ሲትራ መለመን አላስፈለጋትም፤ ስልኩን ማሳየት ብቻ ነበር። ታላቅ ለመረቀው አሜን አለማለት ነውር ነዋ።

ጋሽ ይማም አንብበው ወዲያው ጻፉ፦ «አሜን። መኪናህ ሐረጎ ላይ ቢበላሽ እዚያው ተጠግኖ ደሴ ይግባ እንጂ ተመልሶ ኮምቦልቻ ተራ አይያዝ። ጌሙም እንዲሁ።»

እትዬ ጦይባ ጻፉ፦ «አሜን። ክርህ ቢበጠስ ከተበጠሰበት ይቀጠል፤ የተሰፋው አይተርተር። ጌሙም እንዲሁ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ።»

ሐቢብ ጻፈ፦ «አሜን። ግማሽ ራስ ላይ መብራት ቢሄድ፣ ሲመጣ የቀረው ይቆረጥ እንጂ የተቆረጠው አይብቀል። ጌሙም እንዲሁ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ደንበኛ ሳይቀር አሜን አስባለው።

ሲትራ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል ስትደርስ አንዋር እያነበበ ይስቅ ነበር። ወደ ታች እየወረደ ሲያነብ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ጭንቅላቱን አከከ። ጋሽ ይማም ጋቢና ውስጥ «ልክ ነህ» ሲሉት የከረሙት ምን እየዋጡ እንደሆነ አሁን ገባው መሰል።

«ይኼን ሁሉ ዱዓ ተቀብዬ ዝም ብል አይሆንም» አለ። «አንቺስ? አሜን ነው የምትዪው?»

ሲትራ እዚያው ፊቱ ቆማ ጻፈችና ላከች። የሷ ጽሑፍ ምርቃት አልነበረበትም። «ጌሙ ሲቋረጥ ከዜሮ መጀመሩ ጥሩ አይደለም። ካቆመበት ይቀጥል። ቅዳሜ ሐያት ትሄዳለች።» አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀች። አንዋር ግን አልተቀየማትም፤ ጓደኞቹን ሊጠራ ስልኩን አነሳ።

አባባ ሙሄ መረቁ፤ ጋሽ ይማም አሜን አሉ፤ እትዬ ጦይባ አሜን አሉ፤ ሐቢብ አሜን አለ፤ ሲትራ እውነቱን ጻፈች፤ አንዋር አስተካከለ፤ ቅዳሜም መጣ።

ጠዋት ሐያት አልጋው ላይ፣ ሲትራ ከጎኗ፣ ስልኩ በመሃል። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። ሐያት ፊቷን በትራስ ሸፈነች። ሲትራ ግን ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም። ቁጥሩ እንደቆመ ቆየ። መብራት ሲመጣ ከዚያው ከቆመበት አንድ ጨመረ፣ ሌላ ጨመረ፣ ሞላ።

የሐያት አባት ሲደርሱ ልጆቹ ወንዙ መሃል ላይ ነበሩ። ሐያት እንጨቱን ይዛለች፣ ሲትራ ምስማሩን ትመታለች፤ ሁለቱም ቀና አላሉም። አባቷ ሻንጣውን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ለመሆኑ ይኼ ድልድይ መኪና ይችላል?» ብለው ጠየቁ።

«ያንተን ገና አይችልም፣ አባዬ» አለች ሐያት ጣቷን ሳታነሳ። «ቁጭ በል።»

አባቷም ጫማቸውን አውልቀው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

የሰማ አሜን ይበል፤ ያልሰማም ካቆመበት ይስማ።