ባለ አህያው የሸሻቸው ደጆች

አንድ ባለ አህያ ነበረ።

አታቋርጠኝ፣ ይርዳው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ ዕዳ ለበዛበት ሰው የሚጸለየው ጸሎት የትኛው ነው?» ነው ያልከኝ። መልሱን ሳታገኝ አትሄድም። አስቀድመህ ግን የዚህን ሰው ነገር ስማኝ። ጫማ የምትሰፋበትን ሳጥንህንም ከጉልበትህ ላይ አውርደውና ተደላድለህ ተቀመጥ፤ እዚህ የሚነጥቅህ የለም።

ሰውዬው ድሃ ነበር፤ ሰነፍ ግን አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምነግርህ ዕዳ የገባ ሰው ሁሉ ጠጪ ወይም ቁማርተኛ ነው የሚሉ አፈኞች ስላሉ ነው። ይኸኛው አይጠጣም። የሚኖረው በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ዳር ሲሆን፣ ያለው ሀብት አንዲት አህያ ነበረች። ጠዋት ተነሥቶ እሷን እየነዳ በዋናው መንገድ ይወርዳል። ሴቶች ከየደጃቸው ብቅ ብለው «ባለ አህያ!» እያሉ ይጠሩታል። የአንዷን እህል ወፍጮ ቤት ያደርሳል፣ ለሌላዋ ከሰል ከገበያ ያመጣል፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ደግሞ በጄሪካን ያመላልሳል። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ቢሆንም ሚስቱና ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም ነበር።

አንድ ዓመት ሚስቱ ወልዳ ታመመች። ለሐኪም ከፈለ፣ ለመድኃኒት ከፈለ፤ እሷን ሲያስታምም ብዙ የሥራ ቀን አመለጠው። በዋናው መንገድ ላይ እህል የምትሸጥ አንዲት መበለት ነበረች። ከእሷ ጤፍ በዱቤ ወሰደ። «ለመስቀል እከፍላለሁ» አላት። አመነችው። መስቀል ደረሰ፤ ገንዘቡ ግን አልደረሰም።

እስከዚህ ድረስ በሰውዬው ላይ ጥፋት አላይበትም። የታመመች ሚስቱን ያስታመመ፣ ልጆቹን ያበላ ሰው ነው። ጥፋቱ የመጣው በመስቀል ማግስት ነው። አህያዋን እየነዳ ሲወርድ መበለቲቱ ከመደብሯ በር ላይ ቆማ አያት። «አሁን ምን እላታለሁ?» ብሎ አህያዋን በቅያሱ ወደ ታችኛው መንገድ መለሳት። ለዛሬ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ነገ የሆነ ነገር አገኝና ቀና ብዬ በደጇ አልፋለሁ ብሎ ነበር። በነጋታው ግን ቅያሱ ጋ ሲደርሱ አህያዋ ማንም ሳያዛት ራሷ ታጠፈች። እሱም አልመለሳትም።

አንዴ ጥቂት ብር እጁ ገባ። ዕዳውን አይሸፍንም፤ ሩቡን ያህል ቢሆን ነው። ይዞ እስከ መበለቲቱ ደጅ ሄደ። በሩ አጠገብ ሲደርስ «ይህችን ይዤ ብገባ ትስቅብኛለች። ሲሞላልኝ አንድ ላይ እሰጣታለሁ» ብሎ ተመለሰ። ሲሞላ የሚባለው ቀን እንደማይመጣ አንተም ታውቀዋለህ። ብሩ በሳምንቱ ለዘይትና ለሳሙና ወጣ።

በታችኛው መንገድ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ወታደር ይኖራል፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነው። ባለ አህያው የቤት ኪራይ ሲያቅተው ከዚህ ሰው ተበደረ። ቀን ቆረጠለት። ያም ቀን አለፈ። በታችኛው መንገድ ማለፍም በዚያው ቀረ። ዕድር መሄድም ቀረ፤ ዳኛው እዚያ ተቀምጧልና። ከዕድር መቅረት ደግሞ ቅጣት አለው። ያልከፈለው ሳያንሰው ባለመታየቱ ሌላ ዕዳ ይጽፉበት ጀመር።

ከዚያ እንዲህ ሲጨንቀው ሰው የሚሄድበት ቤት ሄደ፣ አራጣ አበዳሪ ዘንድ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ለመበለቲቱ ከፍዬ በደጇ ማለፍ እጀምራለሁ ብሎ ነው። ገንዘቡ እጁ ሲገባ ግን የሌላ ወር ኪራይ ደርሶ ነበር። ለኪራዩ ሰጠ፣ የቀረውን በሉት። መበለቲቱ ዘንድ ሳይደርስ አለቀ።

ከከተማዋ ኋላ አንድ ሸለቆ አለ። የወንዙን ዳር ይዞ ዞሮ ዞሮ ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚያወጣ ቀጭን መንገድ አለው፤ ከእንጨት ለቃሚ ሴቶች በቀር ማንም አይሄድበትም። ባለ አህያው በዚያ መመላለስ ጀመረ። የሚያየው ሰው ስለሌለ ለጊዜው እፎይ አለ። ግን አስበው እስቲ፤ የዚህ ሰው ሥራ መታየት ነው። ሴቶቹ «ባለ አህያ!» የሚሉት በደጃቸው ሲያልፍ ስላዩት ነበር። ሸለቆ ውስጥ ማን ይጥራው? ጅብ? ቀድሞ ደጋግሞ ይመላለስ የነበረ ሰው አሁን አንዴ ደርሶ ሲመለስ ይመሻል። አህያዋንም ዳገቱ ጎዳት፤ ጎኗ እየገባ፣ አጥንቷ እየታየ ሄደ። ገቢው በቀነሰ ቁጥር ዕዳው ያስፈራዋል፤ ዕዳው ባስፈራው ቁጥር ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ለሰዎች ዋናው መንገድ አቧራው አስቸገረኝ ይላቸው ነበር።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ባሎች ሚስቶቻችን አያውቁም ብለን እናስባለን፤ አንተም እንደዚያው ሳታስብ አትቀርም። እሷም ብትሆን ሽንኩርት ለመግዛት ሌላ ሰፈር ድረስ መሄድ ከጀመረች ቆይታ ነበር። አንድ ቀን ከሸለቆው ተመልሶ እግሩን ስታጥበው ተናገረችው።

«ሽማግሌ ላክባቸው» አለችው። «የለኝም፣ ጊዜ ስጡኝ በላቸው። እንዴት እንደሆንን ይወቁልን።»

«ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ሲጠየቅ ነው።»

«ሰው ሲጣላም ይላካል።»

«እኔ ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ካልተጣላህ ታዲያ ምነው እንደ ተጣላ ሰው በጓሮ የምትዞረው?»

«ገመናዬን ሰፈር ላይ አላሰጣም» ብሎ እግሩን ከውሃው አወጣ። ከዚህ ሰው ነገር ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መፍትሔው እቤቱ ውስጥ፣ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ያን ቀን ሰምቷት ቢሆን ዛሬ የምነግርህ ነገር ባልኖረኝ፤ ባይኖረኝም በወደድኩ።

ክረምት ገባ። አንድ ገበሬ በቆሎ አስፈጭልኝ ብሎ ሰጠው። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዕለት ነበር። ዋናው መንገድ ጠጠር የፈሰሰበት ነው፤ በዝናብም ቢሆን ሕፃን ያልፍበታል። እሱ ግን አህያዋን ወደ ሸለቆው ነዳት። አፋፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልሄድም አለች። መታት። ደግሞ መታት። ሄደች። ጥቂት እንደ ወረደች ጭቃው ከዳትና ከነጭነቷ ተንከባልላ ወንዙ ዳር ወደቀች። የፊት እግሯ ተሰበረ። በቆሎው ጎርፉ ላይ ተበተነ።

ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ቢጮኽ የሚሰሙት ከአፋፉ በላይ ያሉት የታችኛው መንገድ ቤቶች ናቸው። የጡረተኛው ቤት ደግሞ ከሁሉም የቀረበ ነው። ስለዚህ አልጮኸም። አየህ ይርዳው፣ ሲሸሽ ከመኖሩ ብዛት ድረሱልኝ ማለት እንኳ አቃተው። አንገቷን ታቅፎ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። ከሰዓት በኋላ እንጨት ለቃሚዎቹ አዩትና ወደ ሰፈር ሮጡ።

ጡረተኛው ገመድ ይዞ መጣ። ጎረቤቶቹ ተከተሉት። መበለቲቱም መደብሯን ዘግታ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ጭቃው እያንሸራተታት ወረደች። ተጋግዘው አህያዋን ወደ ደረቁ መሬት አወጧት። ሊያተርፏት ግን አልቻሉም፤ ሲመሽ ሞተች።

«ደልዳላ መንገድ እያለልህ በዚህ ምን አመጣህ?» አለችው መበለቲቱ።

«ደጅሽን ፈርቼ ነው» አላት።

ሴትዮዋ የቆመችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ ከመስቀል ጀምሮ በሬ ላይ የምቆመው አንተን ስጠብቅ ነው» አለች። «ዳቦ ቤቱ ዱቄት አቅርቢልኝ ብሎኝ ነበር። እህሉን ከወፍጮ የሚያመላልስልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ከሒሳቡ ግማሹን ለዱቤው አስቀርቼ ግማሹን ልሰጥህ አስቤ ነበር። ብጠብቅ ብጠብቅ ስትጠፋብኝ ለሌላ ሰጠሁት።»

«ምነው ሰው ብትልኪብኝ።»

«ብልክብህ ለዱቤው የመጣ መስሎህ ይብስ ትሸሻለህ ብዬ ተውኩት።»

ጡረተኛው ገመዱን እየጠቀለለ ቆሞ ነበር። «እኔ ገንዘቤን አልፈልግም ነበር ብዬ አልዋሽህም» አለው። «የጡረታዬ ገንዘብ ናት። ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ልስጥህ ብትለኝ እሺ እልህ ነበር። ሰላምታ ስትነሳኝ የናቅኸኝ ነው የመሰለኝ።»

ባለ አህያው ያን ጊዜ አለቀሰ። ለአህያዋ ነው ያለቀሰው ይላሉ። እኔ ለአህያዋ ብቻ አይመስለኝም።

አራጣ አበዳሪው በዚያ ቀን አልመጣም። የመጣው በማግስቱ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ምን ዕቃ እንደ ቀረ ሊያይ። የሚራራ ልብ ነበረው ብዬ አላታልልህም። ዳኛው ግን ሁለት ሽማግሌዎች ጨምሮ ባለ አህያው ደጅ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ሰውዬው ለብቻው ቢሆን በሩን ነቅሎ ይወስድ የነበረው አበዳሪ፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጁ ላይ ተሰልፈው ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተከራከሩት። ወለዱ እንዲቆም፣ ዋናው ቀስ እየተባለ እንዲከፈል ተስማማ። ሚስቱ ያኔ ያለችው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን የገበሬው በቆሎ ተጨምሮበታል፤ የሚሠራባት አህያም የለችም።

ዕዳው በስተመጨረሻ አለቀ፤ ብዙ ዓመት ፈጀ እንጂ። ሰውዬው ባለ አህያ መባሉ ቀርቶ ተሸካሚ ሆነ። አህያዋ ትሸከመው የነበረውን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዋናው መንገድ በመበለቲቱ ደጅ ያልፍ ነበር። ሰላም ይላታል፣ ሰላም ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ቅያሱ ጋ ሲደርስ ሸክሙን እንደ ያዘ ቆም ይላል ይባላል። በዚያ በመስቀል ማግስት ቀጥ ብሎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ መናገር የነበረበት «አላገኘሁም፣ ታገሺኝ» ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይርዳው፣ ሰውዬው አንተ ነህ።

አህያህ ይህች ሳጥንህ ናት። ቀድሞ የምትቀመጠው አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ነበር፤ የሚወጣውም የሚገባውም ጫማውን እያወለቀ ይሰጥህ ነበር። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ በመቃብሩ በኩል ተቀምጠህ አይሃለሁ። ልጄ፣ በመቃብር በኩል ጫማ የሚያሰፋህ ማን ነው? እዚያ ያሉት ጫማ አያደርጉም። አውቶቡስ ተራውን የተውከው ባለ ሱቁ እዚያው ስለሆነ ነው፤ ዘይቱንም ስኳሩንም ከእሱ በዱቤ ወስደሃል። የቤት አከራይህም በዚያ በኩል ታልፋለች። ዛሬም ወደ እኔ ስትመጣ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ በር ነው የገባኸው።

ባለ ሱቁ መልአክ ነው አልልህም። ይቆጣህ ይሆናል፣ ሰው ፊትም ያዋርድህ ይሆናል። መበለቲቱን ይምሰል አራጣ አበዳሪውን ይምሰል እኔም አላውቅም። አንተም አታውቅም፤ ቆመህ አልጠየቅኸውማ። ደግሞ ስትጠይቀው የማትችለውን ቀን እንዳትቆርጥለት። የምትችለውን ንገረው፣ ትንሽ ናት ብለህ አትፈር። ለልጆችህ እራት የምታስቀረውንም ሳትደብቅ ንገረው። እሱን ለመክፈል ብለህ ከሌላ እንዳትበደር።

የጠየቅኸኝ ጸሎቱን ነበር። አልረሳሁትም። ዕዳ የሚከፍል ጸሎት እኔ አልተማርኩም፤ አለኝ የሚልህ ሰው ከመጣ ደግሞ ያለችህንም ሊወስድብህ ነው። በሰው ደጅ ለማለፍ ብርታት የሚለመንበት ጸሎት ግን አውቃለሁ። አጭር ናት፤ ወደ ባለ ሱቁ እየሄድን እንላታለን። የዕድራችሁን ዳኛም በመንገዳችን እንጠራዋለን፤ ሁለት ሽማግሌ ከአንድ ይሻላል። በል ሳጥንህን አንሣ። ያንን በትሬን አቀብለኝ።

ወዴት ነው የምትዞረው? የምንወጣው በትልቁ በር ነው።