አንድ ኩላሊት፣ ሁለት አልጋ

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የምትኖር ሉባባ የምትባል እናት ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙባት። ባሏ ከሞተ በኋላ ለብቻዋ ያሳደገቻቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ሙሄ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ታናሹ ይመር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሁለቱም ኩላሊት ሊሰጧት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። የሁለቱም ይስማማታል ተባለ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚውሉ ወፍረው ነበር፤ የደም ግፊትም ነበረባቸው። ሐኪሙ ክብደታቸውና ግፊታቸው ሳይቀንስ ቀዶ ጥገና እንደማይሠራላቸው ነገራቸው፤ እናታቸውም በኩላሊት እጥበት ብዙ እንደማትቆይ አልደበቃቸውም።

ሙሄ የዚያኑ ዕለት ስልኩን ከፍቶ አሰልጣኝ ፈለገ። በአጭር ጊዜ ውፍረት አጠፋለሁ የሚል፣ ጡንቻው የተወጣጠረ ሰው አገኘ። ሩጡ ሲል ሮጠ፣ ውሃ ቀንሱ ሲል ቀነሰ፣ የሚሸጠውንም የውፍረት መቀነሻ ዱቄት በጥብጦ ጠጣ። ጉልበቱ ሲከዳው፣ እጥበት ላይ የተኛችው እናቱ ፊት ትዝ ይለዋል፤ ተነስቶ ይቀጥላል። ክብደቱም በእርግጥ መውረድ ጀመረ።

ይመርም በመጀመሪያ ያንኑ ሰው ተከትሎ ነበር። ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ተወውና የራሱን መንገድ ያዘ። የጦሳን አቀበት ይወጣል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ይቀመጣል፤ ሲለምደው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ራቱን ቀነሰ፣ ጨው ተወ። ሰውነቱ ደህና ነበር፤ ለውጡ ግን አዝጋሚ ነው፣ እናቱ ደግሞ እየመነመነች ነው።

አንድ ጠዋት ሙሄ ሽንቱ እንደ ሻይ መጥቆሩን ለወንድሙ ነገረው። ይመር እንዲያቆምና ሐኪም እንዲያየው ለመነው።

«እኔ አቁሜ አንተን ብንጠብቅ፣ እማ ትቆይልናለች?» አለው ሙሄ።

 ለማንም እንዳይናገር ሲያስምለው ይመር ማለ።

ብዙም ሳይቆይ ሙሄ ሲሮጥ ወደቀ። ሐኪሞቹ ጡንቻው ከልክ በላይ ተጎድቶ ኩላሊቶቹን እንዳበላሸበት፣ ዱቄቱም እንዳባሰበት ተናገሩ። ያገግማሉ ተብሎ ቢጠበቅም ኩላሊቶቹ አላገገሙም። እናትና ልጅ በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን ተኝተው ይታጠቡ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ይመር ተመዘነ፤ ግፊቱም ታየ። አሁን መስጠት ይችላል ተባለ። ኩላሊቱ ለወንድሙም ይስማማል። ሌላ የሚሰጥ ዘመድ ግን የላቸውም፤ የእናቱ ደም ሥር ለእጥበት እምቢ እያለ ነው፤ የሙሄም ልብ ደክሟል።

ሉባባ ይመርን ወደ አልጋዋ ጠራችው።

«ለወንድምህ ስጠው» አለችው። «በእኔ የተነሳ የሞተ ልጅ ቀብሬ መኖር አልችልም።»

ሙሄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

«ለእሷ ስጥ፤ እኔ አልቀበልህም» አለ። «ታዲያ እኔ እንዲህ የሆንኩት ለምንድነው?»

ይመር በሁለቱ አልጋዎች መካከል ቆሞ ቀረ። ፈጠን ብዬ ቢሆን ኖሮ ይላል በልቡ፤ ደግሞ፣ ያን ጠዋት መሐላዬን አፍርሼ ለሐኪሙ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይላል። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ያ አንድ ኩላሊት የሚገባው ለወለደችው እናት ነው ወይስ ለእሷ ሲል ራሱን ለጨረሰው?