ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ያጠፋው ሰው

«አንድ ባለ ፒካፕ ነበረ፤ ስሙ ለአንቺም ለእኔም አይጠቅመንም» አሉ አባ ዘገየ። ወይዘሮ አሰለፈች የጠየቀቻቸው፣ ሱቋ ዛሬ በራሱ የሚሄድ ከሆነ አብሯት የደከመውን ታላቅ ወንድሟን በክብር ብታሰናብተው ነውር ይሆን እንደሆነ ነበር።

የሰውዬው ፒካፕ ፍሬን የሰው ጉልበት ይጨርስ ነበር። ቲማቲም ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ ከመቀመጫው ብድግ እስኪል ይረግጠዋል። ሚስቱ «ወይ ሽጠው፣ ወይ አሳክመው» ብትለው፣ ለመሸጥ ልቡ እምቢ አለውና ከተገለበጠ መኪና የተፈታ የፍሬን ማገዣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ፈልጎ አመጣ። መካኒኩ አጥቦ ገጠመለትና «ይኼ እግርህን የሚያግዝህ ከሞተሩ በሚያገኘው ኃይል ነው። እየነዳህ ሞተር እንዳታጠፋ» አለው።

እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከተማ ውስጥ ሞከረው፤ ገና ነካ ሲያደርገው ያዘለት። እንደ ልጅ ደስ አለው።

ይህ ሰው ግን ረጅም ቁልቁለት ሲያገኝ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ በፎሌ መንሸራተት የለመደ ነው። ሞተርን የሚያውቀው ዳገት ላይ ሲያጓራና ሲገፋ ነው። ቁልቁለቱማ መኪናውን ራሱ ይወስደው የለ!

በገበያ ቀን ሚስቱን ጎኑ አስቀምጦ ወጣ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ ሲረግጠው ፍሬኑ ያዘ። ሲደግመው ከበደው። ከዚያ ወዲያ ከድሮውም ብሶ ድንጋይ ሆነ። ከታች ጠባቡ ድልድይ ይታያል። ሰውዬው በድንጋጤ ሞተሩን ማስነሳት እንኳ ጠፋው።

«ወደ ተራራው አዙረው» አለችው ሚስቱ።

አዞረው፤ ከአፈሩ ጋር ተላተሙ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ የእሷ ክንድ ግን ተሰበረ። በኋላ መካኒኩ ዕቃውን ፈትሾ እንከን አጣበት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ «ሞተር የሚያስፈልገኝ ለዳገት ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ።

አባ ዘገየ ወደ አሰለፈች ዞሩ።

«አንቺም ወንድምሽን የምታውቂው በዳገቱ ጊዜ ነው ልጄ፤ ጆንያ ሲሸከም፣ ደንበኛ ሲለምን። ባለፈው ከጎረቤትሽ ጋር ስትጋጪ ያን ክፉ ቃል አፍሽ ላይ ያስቀረው ማን ነው? ራሴ ዋጥኩት ትይኛለሽ። የዋጥሽው ግን እሱ አጠገብሽ ስለቆመ ነው። ሱቁ እንደሆነ ያለ እሱም ይሄዳል። እኔ የምፈራልሽ ቁልቁለት ላይ ሆነሽ ራስሽን መግታት ያለብሽን ቀን ነው።»