በሬ ገደለች የተባለችው ሸረሪት

እስቲ ስሙኝማ! ከሽንፋ ወንዝ ማዶ፣ በሰሊጥ እርሻ ዳር፣ መዳፍ የምታክል ፀጉራም ሸረሪት ነበረች። አንድ ማለዳ ፌንጣ አድና ስትመለስ የጉድጓዷ አፍ ላይ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘች። እንቁላሎቿ ውስጥ ናቸው፤ ፀሐይዋም መክረር ጀምራለች። ስምንት ዓይኗን ብታፈጥ ነገሩ አልገባ አላት። የፈለገችው ቤቷ መግባት ብቻ ነበር።

«ድንጋዩ፣ እባክህ ተነሳልኝ።»

«እግር የለኝ! አልነሳም። ያመጣኝን ዶማ ጠይቂው።»

«ዶማው፣ ድንጋዩን ግፋልኝ፤ ድንጋዩ አልነሳም አለ።»

«ጓንጉል ካላነሳኝ አልገፋም።»

ጓንጉል የእርሻው ባለቤት ነው። «ጋሼ ጓንጉል፣ ዶማውን ያንሱልኝ፤ ዶማው አልገፋም አለ፣ ድንጋዩ አልነሳም አለ።»

ጓንጉል ወደ ኋላ ሸሸ። «ወግጂ! ጉድጓዱን ድፈን ያለችኝ ሚስቴ ናት። ዛሬ ደግሞ መርዝ እንድረጭበት ነግራኛለች። እሷ ካላዘዘችኝ አላነሳም።»

ሸረሪቷ መርዝ ሲባል ክው አለች። ወደ ሚስቱ ወደ ጥሩወርቅ ሮጠች። «እመቤቴ፣ ባልዎን ይዘዙልኝ፤ ጓንጉል አላነሳም አለ፣ ዶማው አልገፋም አለ፣ ድንጋዩ አልነሳም አለ።»

ጥሩወርቅ መደቡ ላይ ወጥታ ጮኸች። «ኧረ በሬ ገዳይዋ መጣች! እትዬ ወለላ ነግረውኛል። እሳቸው ወሬውን ካልተዉ አላዝም!»

በሬ? መቼ? ሸረሪቷ ግራ ገባት። ሳላውቅ ገድዬ ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች።

«እትዬ ወለላ፣ ወሬውን ይተዉልኝ፤ ጥሩወርቅ አላዝም አለች፣ ጓንጉል አላነሳም አለ፣ ዶማው አልገፋም አለ፣ ድንጋዩ አልነሳም አለ።»

«አልተውም!» አሉ ጎረቤቷ ወለላ። «የጓንጉልን በሬ፣ ዳልቻን፣ ነክሰሽ ገድለሽ የለም? ዳልቻ ራሱ መጥቶ አልሞትኩም ካላለኝ አልተውም።»

ዳልቻ ከግራሩ ሥር ቆሞ ያመሰኳል።

«ዳልቻ፣ ሞተሃል እንዴ? ወለላ አልተውም አሉ፣ ጥሩወርቅ አላዝም አለች፣ ጓንጉል አላነሳም አለ፣ ዶማው አልገፋም አለ፣ ድንጋዩ አልነሳም አለ።»

ዳልቻ ማመስኳቱን አቆመ። «እኔ? ማንም አልነገረኝም!»

ሄዶ ወለላ ደጃፍ ላይ እምቧ አለ። ወለላ አፍረው ወሬውን ተዉ፣ ጥሩወርቅ ባሏን አዘዘች፣ ጓንጉል «በሬው የእኔ ነበር እንዴ?» እያለ ዶማውን አነሳ፣ ዶማው ድንጋዩን ገፋ፣ ድንጋዩ ተነሳ፣ ሸረሪቷ ቤቷ ገባች። እንቁላሎቿ ደህና ነበሩ፤ እፎይ አለች።

መርዙም ቀረ። ጓንጉል እንዳትረገጥ ብሎ በጉድጓዷ ዙሪያ እሾህ አጠረላት። ጥሩወርቅ አሁንም ትፈራታለች፤ እየፈራችም ዞር ብላ ታልፋለች።