ሟቿን የበላው ለቀስተኛ

ኑ ጠጋ በሉ፤ ተረቷ አጭር ናት፣ ሆዷ ግን ሰፊ ነው።

ዘር ቆጥሮ የማይጠግብ አንድ ኩሩ ዋርካ ነበረ። አንዲት ቅጠሉ ረግፋ ሞተችበትና እግሩ ሥር፣ በጥቁሯ አፈር በመረሬ ላይ አስተኛት። "እመት መረሬ፣ አደራ! ልጄን ከነክብሯ ያዢልኝ" አላት።

መረሬ ቆንቋና ነበረች። "እጄ ጠባብ ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሬሳ አይዝልኝም። ቆይ፣ መጀመሪያ ለቀስተኛ ይምጣ" አለችው።

ለቀስተኛው መጣ። ሻጋታ ይባላል፤ ከሆዱ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ደረቱን ሊደቃ ነው ሲባል ሟቿን ከጫፏ ገመጣት።

"አንተ ባለጌ!" ብሎ ዋርካው ጮኸ። "ንፍሮ እስኪቀርብ እንኳ አትታገስም?"

"አያ ዋርካ፣ ሐዘን ሲጠናብኝ ሆዴ ይሞረሙረኛል" አለ ሻጋታ፣ አፉን እንደሞላ። ከበላው ግማሹን በግሳት ወደ ሰማይ ለቀቀው። በቀረው ወፈረ፤ ወፍሮም እዚያው ክንብል ብሎ ሞተ። ልጆቹ ለቅሶ ደረሱ፤ የዘር ነገር ነውና አባታቸውን በሉት። ፍርፋሪው ከመረሬ ጣት ላይ ተጣበቀ፤ እሷ ደግሞ አንዴ የያዘችውን አትለቅም።

ክረምት ሲገባ ዋርካው ሥሩን ወደ ታች ሰደደ። "የልጄ መቃብር የቱ ጋ ነው?"

"እኔ ዘንድ ያለው የለቀስተኛው ሬሳ ብቻ ነው" አለች መረሬ።

"ያንን ሌባ ወዲህ በይው!" አለና ዋርካው በቁጣ ሥሩን ሰካበት። ቀመሰው። ጣመው። እንደገና ቀመሰው።

"አያ ዋርካ" አለች መረሬ፣ "ንፍሮ እስኪቀርብ እንኳ አትታገስም?"

ተረቴን እዚህ ጣልኳት፤ የራበው ያንሳት።