ትርንጎ በቅል ያጠራቀመችው ጠጠር

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ። እግራችሁን ሰብስቡ። ይኼን ተረት በተናገርኩ ቁጥር የእኔው ልብ ድው ድው ይላል፤ መጨረሻው ላይ የሚፈነዳ ነገር አለ። ምን እንደሚፈነዳ አሁን አልነግራችሁም። አንቺ ደግሞ፣ ታሪኩን አውቀዋለሁ ብለሽ እንዳትቀድሚኝ።

በድሮ ዘመን፣ ቀይ አፈር ባለበት ኮረብታ ሥር፣ ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። አንዷ ማንያህልሻል ትባላለች። እጇ ወርቅ ነው፤ ጭቃ ስትነካ ጭቃው ይታዘዛታል። ግን ሥራ የምትጀምረው ደስ ሲላት ነው። ደስ ካላላት ጭቃዋ ሜዳ ላይ ደርቆ ዶሮ ይጭረዋል።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ፣ እጇ ዘገምተኛ የሆነ ሴት ናት። ማንያህልሻል ሦስት እንስራ ስትሠራ ትርንጎ አንድ ትሠራለች። እሱንም እሳት ውስጥ ስታስገባው ይፈነዳል።

"ትርንጎ ገል ሠሪ" ይሏት ነበር ጎረቤቶቿ። ሰው እኮ አፉ አያርፍም።

አንድ ቀን አራት እንስራ በአንድ ጊዜ ፈነዳባት። አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ገሉን አንድ በአንድ እያነሳች ማየት ጀመረች። አንዱ የተሰበረበት ቦታ ላይ ምስር የምታክል ጠጠር አገኘች። አንዱ ሆዱ ገና እርጥብ ነበር። አንዱ በደረቀ ጭቃ ላይ እርጥብ ጭቃ ተለጥፎበት ኖሮ በመገጣጠሚያው ተላቅቋል።

"ለካስ እሳቱ አይደለም የሚሰብርብኝ፤ ከእሳቱ በፊት የነበሩት ቀኖች ናቸው" አለች።

ታዲያ ትርንጎ ምን አደረገች? ተራራ ልግፋ አላለችም። ሦስት ትንንሽ ነገር ያዘች።

ጠዋት ፊቷን እንደታጠበች፣ እህል ሳትቀምስ፣ ከጭቃዋ ጠጠር ትለቅማለች፤ የለቀመችውን በር ላይ በተንጠለጠለ ቅል ውስጥ ትጥላለች። ቀን ላይ የሠራችውን ሸክላ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ከታፈነ ገና እርጥብ ነውና አዙራ ታስቀምጠዋለች። ማታ የተረፈውን ጭቃ በእርጥብ የኮባ ቅጠል ትሸፍናለች፤ ሲነጋ ለስልሶ እንዲጠብቃት።

ለቀም ለቀም፣ ኳ ኳ፣ ሸፈን ሸፈን። እስቲ አብራችሁኝ በሉ። ለቀም ለቀም፣ ኳ ኳ፣ ሸፈን ሸፈን።

በወሩ ከአራት እንስራ ሁለት ተረፈላት። በሁለተኛው ወር ሦስት። ክረምቱ ሲወጣ አራቱም። ገል ሠሪ የሚላት ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ተሳዳቢዎቹም እንስራ ሲሰበርባቸው ወደ እሷ ቤት መምጣት ጀመሩ።

በዚህ መካከል የንጉሡ የጠጅ ቤት አዛዥ፣ አዛዥ ወንድይራድ፣ በበቅሎ መጡ። ሁለቱንም ሴቶች አስጠሩና እንዲህ አሉ፦

"ንጉሡ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለጠጁ ከእያንዳንዳችሁ ሦስት ጋን ይፈልጋሉ። በአርባኛው ቀን እዚሁ ሜዳ ላይ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ትተኩሳላችሁ። ጋኗ ደህና የወጣላት ኮረብታውን ከነአፈሩ ትወስዳለች። የፈነዳባት ደግሞ ሌላ አገር ትፈልግ፤ ቤተ መንግሥቱ የሚያውቀው አንድ ሸክላ ሠሪ ብቻ ነው።"

ጋን እኮ እንስራ አይደለም። እናንተ ሁለት ሆናችሁ ብትደበቁበት የሚበቃችሁ ነው። ትርንጎ ደግሞ ጋን ሠርታ አታውቅም። ጎጆዋ እዚያ ነው፣ የባሏ መቃብር እዚያ ነው። "ብሸነፍ የት እገባለሁ?" ብላ ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ቢሆንም ሲነጋ ፊቷን ታጠበች። ቀጥሎስ? በሉ እንጂ። ለቀም ለቀም፣ ኳ ኳ፣ ሸፈን ሸፈን።

በአሥረኛው ቀን ወባ ጣላት። በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወጣችና አንድ እፍኝ ብቻ ለቅማ ተመልሳ ተኛች። በማግስቱ ጭራሽ መነሳት አቃታት፤ አልለቀመችም። በሦስተኛው ቀን ግን "ትናንት ቀረ፤ ዛሬ አለ" ብላ እየተንገዳገደች ተነሳች።

ማንያህልሻልስ? "ለእኔ እጅ ሦስት ቀን ይበቃል" አለችና ሠርግ ቤት ከረመች። ከሠርግ ቤት ክርስትና፣ ከክርስትና ማኅበር። ሃያ ቀን እንዲህ ሄደ።

በሃያ አንደኛው ቀን እግረ መንገዷን በትርንጎ ደጅ ብታልፍ ምን ታያለች? ሁለት ጋን ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ልሙጥ፣ ሆዳቸው የሞላ፣ ስንጥቅ የሌላቸው። ትርንጎ ደግሞ ሦስተኛው ጭቃ ላይ አጎንብሳ "አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ" እያለች እያንሾካሾከች ጠጠር በቅል ውስጥ ትጥላለች።

ማንያህልሻል ልቧ በቅናት ተቃጠለ።

"እህቴ፣ ምንድነው የምትደግሚው?" አለቻት።

"ምን እደግማለሁ? ጠጠር ነው የምለቅመው።"

"ጠጠር ብቻ?"

"ጠጠር ብቻ።"

ማንያህልሻል አላመነችም። ገል ሠሪዋ ትርንጎ ይኼን ጋን በጠጠር መልቀም ሠራችው? አይሆንም። ድግምት ነው፤ ድግምቱም ያለው ቅሉ ውስጥ ነው አለች። እና ትርንጎ ወንዝ ስትወርድ ጠብቃ ቅሉን ከነጠጠሩ ይዛ እብስ።

ትርንጎ ስትመለስ ቅል የለም። ጓዳ ፈለገች፣ ደጅ ፈለገች፣ አጣችው። "እንኳን ሄደ፣ ሞልቶ ነበር" አለችና በማግስቱ ጠጠሯን ወደ አሮጌ ጣባ መልቀም ቀጠለች።

ማንያህልሻል ቤቷን ዘግታ ሥራ ጀመረች። በሦስት ቀን ሦስት ጋን። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት ያለ ጋን! ወገቡ፣ አንገቱ፣ ከንፈሩ፣ የሚያህለው የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጋን መቀመጫ ውስጥ ከትርንጎ ቅል ትልቅ ትልቁን ጠጠር መርጣ፣ እንደ ክታብ አድርጋ ቀበረችበት።

ጠጠር የሸክላ ጠላት መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ መሰላችሁ? ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። ግን "ተራ ጠጠር ቢሆን ማን በቅል ያስቀምጠዋል?" አለች። ቅናት ሙያ ያስረሳል፣ ልጆች።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። አዛዥ ወንድይራድ ዣንጥላ ተይዞላቸው ተቀመጡ። በዚህ በኩል የማንያህልሻል ሦስት ጋን፣ በዚያ በኩል የትርንጎ ሦስት ጋን፤ ሁሉም እንጨትና ኩበት ተከመረባቸው። ሰዉ የማንያህልሻልን ውበት አይቶ "በቃ፣ ትርንጎ ጓዟን ትጠቅልል" አለ። እሳት ተለኮሰ።

ነበልባሉ ወጣ። ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ዷ!

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። "የእኔ ነው" አለች። ስትገልጠው ፍንጣሪው የወጣው ከማንያህልሻል ክምር ነው።

ዷ! ሁለተኛው።

ማንያህልሻል ራሷን ያዘች። "ቆይ፣ አንዱ ይተርፋል" አለች።

ዷ! ሦስተኛው። አመዱ በአዛዡ ዣንጥላ ላይ ዘነበ።

አሁን ሁሉም ወደ ትርንጎ ክምር ዞረ። ጠበቁ። ምንም። ጥላ ዞረ፣ ምንም። እሳቱ ከሰለ፣ ምንም። አመዱ በረድ ሲል ትርንጎ በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገችና በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ኳ አለ፣ ጥርት ያለ እንደ ደወል። ሁለተኛውም ኳ። ሦስተኛውም ኳ። ያን ጊዜ እልልታው ኮረብታውን አናወጠው። ትርንጎ ጋኗን አቅፋ አለቀሰች፤ ትኩስ መሆኑንም ረስታው ክንዷን ለበለባት።

አዛዥ ወንድይራድ ግን ብልህ ሰው ናቸው። ከማንያህልሻል ገል ሦስቱን መቀመጫ አስመረጡና አገላብጠው አዩ።

"ሦስቱም ላይ ጠጠር፣ ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ። ይኼ እንዴት ሆነ?" አሉ።

ማንያህልሻል መሬት መሬት አየች። "ጌታዬ፣ የትርንጎን ድግምት ሰርቄ ነው። ቅሉ ውስጥ ያለውን ቀበርኩበት።"

ትርንጎ ወደ እሷ ጠጋ አለች። "ማንያህልሻል፣ እህቴ" አለቻት፣ "እኔ አውጥቼ የጣልኩትን እኮ ነው አንቺ መልሰሽ ያስገባሽው።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ማንያህልሻል ግን አልሳቀችም፤ ከእግሯ ሥር ያነሳችውን ገል ብቻ ታይ ነበር።

"ኮረብታው የትርንጎ ነው። አንቺ ጓዝሽን ጠቅልይ" አሉ አዛዡ።

"ጌታዬ፣ እርስዎን ካላስቀየምኩ አንድ ነገር ልለምን" አለች ትርንጎ። "እኔ እንዲህ ያለ እጅ የለኝም። እዚሁ ትቅርልኝ። ቅጣቷ ግን ይኼ ይሁን፤ ሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ ከእኔ ጋር ጠጠር ትልቀም፣ ደስ ቢላትም ባይላትም።"

አዛዡ ሳቁና ፈቀዱ።

የመጀመሪያውን ወር ማንያህልሻል እያጉረመረመች ለቀመች። በሁለተኛው ወር ዝም ብላ ለቀመች። በሦስተኛው ትርንጎ ሳትነሳ እሷ ቀድማ ተገኘች። ሦስት ዓመቱ አልቆ "በቃሽ፣ ተለቀሽ" ቢሏት "ምኑ ነው የሚለቀቀው? ፊቴን ከታጠብኩ እጄ ራሱ ወደ ጭቃው ይሄዳል" አለች። ከዚያ ወዲያ የእሷ ጋን ፈነዳ ሲባል አልተሰማም።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲሉ ሰምታችኋል አይደል? እኔ ደግሞ በጠጠር ይፈነዳል እላለሁ። የወርቅ እጅ ደስ ሲለው ይሠራል፤ የየዕለት እጅ ደስ ባይለውም ይለቅማል፤ እሳት ሲመጣ የሚተርፈው የተለቀመው ነው።

በሉ፣ ተረቴን ውሰዱት። ጠጠር ካገኛችሁበት ለቅማችሁ ጣሉ፤ ብቻ አደራ፣ በቅል አታስቀምጡት።