የአራሷ አህያ ጭነት

አንድ ጊዜ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ዳለቻ የምትባል አራስ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ጎሕ ሲቀድ ከአንበሳ ግቢ ኮበለለች። ያባረራት አልነበረም። ከእሾህ አጥሩ ውጭ ጅብ እንዳለም አሳምራ ታውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወለደች ሰሞን ነው። ዳለቻ ለአንበሳ ግቢ ከወንዝ ውሃ የምታመላልስ አህያ ነበረች። በግቢው ደንብ የወለደች እንስሳ ልጇ ሣር መንጨት እስኪጀምር ድረስ የግቢውን ሥራ አትሠራም፤ ቀለቧ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ዳለቻ ውሃ ሳትሸከም በየማለዳው ገብሷን ትበላ ነበር። ገብሱ ለእሷ ይበቃታል። የሚያሳስባት ልጇ ነበር። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ በጋውም እየመጣ ነው፤ ሣሩ ይደርቃል።

አንድ ቀን ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አስገባ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እመት ዳለቻ!»

«ማርያም ታኑርህ፣ አያ ቀበሮ።»

«እንዲህ ያለ ጀርባ ቦዝኖ ሲውል አያሳዝንም? ከኮረብታው ማዶ አሞሌ ጨው አለኝ፤ ወደ ጉድጓዴ አመላልሺልኝ። እኔ ለላሞቹ እሸጠዋለሁ፤ አንቺም ድርሻሽን በባቄላ ትወስጃለሽ። ለልጅሽ የበጋ ስንቅ ይሆነዋል።»

«አንበሳ የሚቀልበኝ እንዳርፍ አይደል እንዴ? ቢሰማስ?»

ቀበሮ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይ፣ እሱስ ባይሰማ ይሻላል።»

ዳለቻ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ልጇ በተኛ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እየወጣች ጨው ተሸከመች። ስትመለስ የጨው ሽታ እንዳያጋልጣት አመድ ላይ ትንከባለላለች። አንበሳ ሲያዛጋ ልቧ ይቆማል፤ ዞር ብሎ ካያት ደግሞ የያዘችው ገብስ ከአፏ ይረግፋል። ከፍርሃቷ የተነሳ መብላት ተሳናት፤ ወተቷም ነጠፈ። ባቄላ ሊያጠግበው የታሰበው ውርንጭላ ጎኑ ገባ።

ባቄላውም ቢሆን መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ ቀነሰ፣ በመጨረሻም ቀረ።

«አያ ቀበሮ፣ ድርሻዬስ?»

«የምን ድርሻ? አፌን ዘግቼ መኖሬ አነሰሽ?»

ዳለቻ ጭነቱን ተሸከመች። ከዚያ በኋላም በነጻ ስትሸከም ከረመች፤ አንድ ምሽት ቀበሮ እያለከለከ እስኪመጣ ድረስ።

«አለቀልሽ! ተነቅቶብሻል። ነገ ጠዋት አንበሳ ጀርባሽን ሊያሸት ነው። የአራስ ቀለብ እየበላች ለሌላ የምትሸከም ምን እንደሚደርስባት ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ!»

«እንግዲያው ይህችን የመጨረሻ ጭነት ይዘሽ ጎሕ ሲቀድ በሸለቆው በኩል ውጪ። ልጅሽንም እንዳትተዪ። ከሸለቆው ባሻገር ዘመዶች አሉኝ፤ ይቀበሉሻል።»

ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ነበር። ዳለቻ የራሷን ኮቴ እንጂ መንገዱን አታይም።

«እማ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል» አለ ውርንጭላው።

«ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ስትራመድ ከጉሙ ውስጥ ሌላ እግር ይራመዳል። ስትቆም እሱም ይቆማል። ደግማ ቆመች፤ አሁን ትንፋሹ ተሰማት።

«እንዴት አደርሽ?» አለ ጅብ ብቅ ብሎ። «ጠብቄ ጠብቄ ሆዴ ጮኸ። ቀበሮ እንደምትመጪ ነግሮኛል። ትልቋ የኔ፣ ትንሹ የሱ ነው።» ጥቂት አሰበና ጨመረ፦ «ይህን አትንገራት ብሎኝ ነበር መሰለኝ።»

ደግሞ አሰበ። «ቆይ፣ ትንሹስ ለምን የሱ ይሆናል?»

ይህን እንዳለ ዘሎ የውርንጭላውን ጆሮ ነከሰ። ውርንጭላው ጮኸ። ዳለቻን ግን አፏ አልከዳትም።

«አያ ጅቦ! ቀበሮ ጀርባዬ ላይ ስለጫነው ሞራ አልነገረህም እንዴ?»

«የምን ሞራ?»

«ነጩን አታየውም? ለብቻው ሊበላው ነው ያሻገረው። አንተን በአጥንት ሊሸነግልህ ነው።»

«ያ ሌባ!» አለ ጅብ። የውርንጭላውን የጆሮ ጫፍ ውጦ፣ ጭነቱን ጎትቶ አወረደና አሞሌውን እየገመጠ ሳያላምጥ ይሰለቅጠው ጀመር። ሲበቃው አይደለም ያቆመው፤ ጉሮሮው ሲነድ ነው። «ውሃ! ውሃ!» እያለ ወደ ወንዙ ቁልቁል ተፈተለከ።

ከፊቷ የቀበሮ ዘመዶች፣ ከኋላዋ አንበሳ ነበሩ። ዳለቻ ልጇን አየች፤ ከጆሮው ደም ይንጠባጠባል። ወደ ኋላ ተመለሰች።

አንበሳ በሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ፊቱ ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ የአራስ ቀለብዎን እየበላሁ ለቀበሮ ጨው ስሸከም ነበር። እኔን ያሻዎትን ያድርጉኝ፤ ልጄን ግን ይማሩልኝ።»

አንበሳ የውርንጭላውን ጆሮ ተመለከተ። «ይህን ማን አደረገው?»

«ጅብ ነው፣ ጌታዬ። ልኮብልል ስል።»

«ለምን ትኮበልያለሽ?»

«ጨው መሸከሜን እንዳያውቁብኝ ፈርቼ።»

«አውቃለሁ እኮ» አለ አንበሳ። «አመድ ላይ ስትንከባለዪ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ። ጀርባሽን በልቶሽ መስሎኝ እንጂ የምትደበቂ አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን እንድልሽ ነበር? ቀለቡ ስለወለድሽ የሚሰጥሽ ነው። ውሃዬን አትሸከሚ አልኩ እንጂ ለሌላ አትሸከሚ አላልኩም። ቀበሮም ቢሆን ገና የመጀመሪያውን አሞሌ ሳያስጭንሽ እዚሁ ቆሞ ጠይቆኛል። ፈቀድኩለት። ‹እኔ እነግራታለሁ፣ ጌታዬ› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ከዚህ የምንማረው የምንፈራው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ከፍርሃታችን ከሚጠቀመው ሳይሆን ከባለቤቱ፣ ያውም ቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።